የእናት ብር ለልጅ ሠርግ

በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፣ በመካነ ሰላምና በቦረና አገር፣ ሠርግ በተቃረበ ጊዜ የሙሽራይቱ እናት ሙዳይዋን ትከፍታለች። በውስጡም ከእናትዋ የወረሰችው ድሪ፣ አምባር፣ ጉትቻና አልቦ ይገኛል፤ ነገር ግን ከዘመን ብዛት የተነሣ ጠቍሯል፤ ሰንሰለቱም ተበጥሷል። በዚህ ጊዜ አንዱ መካሪ «አሮጌው በሚዛን ይሸጥና አዲስ ይገዛ» ይላል፤ ሌላው «ይቅለጥና በአዲስ ዐይነት ይሠራ» ይላል። እኛ ግን ሁለቱንም ምክር አንደግፍም።

ይህንንም የምንልበት ምክንያት አለን። ብዙው አሮጌ የብር ጌጥ የተሠራው ማርያ ቴሬዛ ከሚባለው ጠገራ ብር ነው። ይህ ጠገራ በአውሮፓ አቈጣጠር 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበት ሲሆን፣ አንዱ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከስድስት እጅ አምስቱ እጅ ንጹሕ ብር ነው። በሐምሌ 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ከወጣ ወዲህ ግን ጠገራው ከገበያ እየራቀ ሄደ። ዛሬ አዲስ ተብሎ በሚሸጠው ጌጥ መካከል ብር መሳይ ነጭ ብረት ስለሚገኝበት፣ እናት እውነተኛውን ሰጥታ መሳዩን እንዳትቀበል ያሰጋል። በሚዛን የሚገዛውም ሰው ለብሩ እንጂ ለአንጥረኛው የእጅ ጥበብ አይከፍልም።

ጥቍረቱ ሊያስደነግጥ አይገባም። ብር የሚጠቍረው ከድኝ ጋራ ሲገናኝ ነው እንጂ ስለ ተበላሸ አይደለም። ይሁን እንጂ በአመድና በአሸዋ መፈግፈግ ከጥቍረቱ ጋራ ብሩንና ቅርጹን ይወስዳል። የሚሻለው እንዲህ ነው፦ አስቀድሞ ዶቃውና ክሩ ይፈታ። በሸክላ ወይም በብርጭቆ ሳሕን ላይ የአሉሚኒየም ወረቀት ይነጠፍ፤ ጌጡም በላዩ ይቀመጥ፤ ጨውና የመጋገሪያ ሶዳ የተጨመረበት ፍል ውሃ ይፍሰስበት። ያን ጊዜ ድኙ ብሩን ይለቃል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በንጹሕ ውሃ ታጥቦ በለስላሳ ጨርቅ ይድረቅ። በወርቅ የተቀባውን ግን መንከር አይገባም፤ በጨርቅ ብቻ ይወልወል።

የተበጠሰው ለአንጥረኛ ይሰጥ። እርሱም ብርና መዳብ ባለበት መበየጃ ያያይዘው እንጂ በቆርቆሮና በእርሳስ አይለጥፈው፤ ጌጡ ዳግመኛ እሳት በገባ ጊዜ እርሳሱ ብሩን ይበላዋልና። የጐደለ ቀለበት ቢኖር ከማይጠገን ሌላ ጌጥ ተወስዶ ይሞላ። ጌጡ ሲሰጥም ሲመለስም በሚዛን ይሁን፤ ይህ ባለቤቱንም አንጥረኛውንም ከሐሜት ያድናል። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን በሥራው ምክንያት መስደብን በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ እንደ ከለከሉ የታወቀ ነው፤ ስለዚህ ሥራውን አክብሮ ዋጋውን ሳያጓድሉ መክፈል ይገባል።

ለጥገና የሚወጣው ገንዘብ አዲስ ጌጥ ለመግዛት ከሚወጣው እጅግ ያነሰ ነው። ሠርግ በጥቂት ቀን ያልፋል፤ ስለ ጌጥ የተበደሩት ዕዳ ግን ከሙሽሮቹ ጋራ ወደ አዲሱ ጎጆ ይገባል። የአያትዋን ድሪ አጥልቃ ከአባትዋ ቤት የምትወጣ ሙሽራ ዕዳ የላትም፤ ጊዜዋ ሲደርስም ለልጅዋ የምትከፍተው ሙዳይ ይኖራታል።