ታይሻን፤ ነገሥታት የሠዉበት፥ ሴቶች የሚሳሉበት ተራራ

በምሥራቅ ቻይና፥ በሻንዶንግ ክፍለ ሀገር የሚገኘው የታይሻን ተራራ ከባሕር ጠለል በላይ ያለው ከፍታ ከ1,530 ሜትር እምብዛም አይበልጥም። በምዕራብ ቻይና ካሉት በረዶ ለባሽ ተራሮች ጋር ሲነጻጸር ይህ እንደ ቁመት የሚቆጠር አይደለም። ሆኖም ታይሻን ከሰፊ ሜዳ ዳር ድንገት ተነሥቶ የቆመ በመሆኑ፥ ከሩቅ ለሚመለከተው ሰው ከልኩ ይልቅ ገዝፎ ይታያል። ቻይናውያን ከጥንት ጀምሮ ከሚያከብሯቸው አምስት ተራሮች መካከል የምሥራቁ እርሱ ነው፤ ምሥራቅም ፀሐይ የምትወጣበትና ሕይወት የሚጀምርበት ማዕዘን ስለ ሆነ፥ ከአምስቱ የበላይነቱ ለእርሱ ተሰጥቷል። በጥንታዊው እምነት ደግሞ የሙታን ነፍሳት የሚሰበሰቡት በዚሁ ተራራ ግርጌ ነው። አንድ ተራራ የልደትም የሞትም በር ነው ተብሎ ሲታመን፥ ንጉሡም ድኻውም ወደ እርሱ ቢጎርፍ የሚያስደንቅ አይሆንም።

አቀበቱ የሚጀምረው ከታይአን ከተማ ነው። በከተማው ውስጥ የተራራው አምላክ ሰፊ ቤተ መቅደስ አለ፤ ከዚያ ወዲያ ከስድስት ሺህ የሚበልጡ የድንጋይ ደረጃዎች በዛፎች ጥላ ሥር እያለፉ ወደ ላይ ይዘልቃሉ። መንገዱ የሚነበብ መንገድ ነው ማለት ይቻላል፤ ዐለቱ ሁሉ ተጽፎበታልና። ጥቂት ወጣ ብሎ ባለ ሸለቆ ውስጥ የአልማዝ ሱትራ የሚባለው የቡድሃ ሃይማኖት ጽሑፍ በ6ኛው መቶ ዓመት በተነጠፈ ዐለት ላይ ተቀርጾ ይገኛል። እያንዳንዱ ፊደል ግማሽ ሜትር ያህል ነው፤ ለብዙ ዘመን ውሃ ሲያጥበው ኖሮ እንኳ ከአንድ ሺህ በላይ ፊደል ተርፏል። ከፍ ሲባል ደረጃው በገደሎች መካከል እንደ መሰላል ይቆማል። አሥራ ስምንቱ ጥምዝ የሚባለው ይህ ክፍል ብቻውን ከ1,600 የሚበልጡ ደረጃዎች ሲኖሩት፥ መጨረሻው የሰማይ ደቡብ በር ነው። ብዙ ሰዎች ፀሐይ ከደመና ባሕር ላይ ስትወጣ ለማየት በጫፉ ያድራሉ፤ ደመናው ያልፈቀደ ቀን ግን ብርድ ብቻ አትርፈው ይወርዳሉ።

ነገሥታቱ ወደዚህ የወጡት ፀሐይ ለማየት አልነበረም። አገሩን አጽንቶ የገዛ ንጉሠ ነገሥት በጫፉ ላይ ለሰማይ፥ በግርጌው ለምድር መሥዋዕት አቅርቦ ስለ መንግሥቱ ያመለክት ነበር፤ ሥርዓቱም ፌንግና ሻን ይባላል። ቻይናን አንድ ያደረገው ቺን ሺ ኋንግ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ219 ዓመት ወጣ፤ ማዕበል ቢይዘው ከዛፍ ሥር ተጠልሎ፥ ለዛፉ የሹመት ማዕርግ ሰጠው ይባላል። የሃን ንጉሠ ነገሥት ዉዲም በ110 ዓመት ከልደት በፊት ተከተለው። በሰሌዳ ላይ ተጽፎ የሚቀርበው ጸሎት ግን ምሥጢር ነበር። የታንግ ንጉሠ ነገሥት ሿንዞንግ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ725 ዓ.ም. ሥርዓቱን ሊፈጽም ሲል፥ የቀድሞዎቹ ጸሎታቸውን ለምን እንደ ሠወሩ ጠየቀ። ሊቁ ሄ ዢዣንግም ምናልባት ለራሳቸው ረጅም ዕድሜ ለምነው ይሆናል ሲል መለሰ። ንጉሠ ነገሥቱ የእርሱ ልመና ለሕዝብ በመሆኑ የሚደበቅ እንደሌለው ተናግሮ፥ ጽሑፉን ለሹማምንቱ እንዲታይ አዘዘ። በማግሥቱ ዓመት በጫፉ ገደል ላይ ያስቀረጸው ታላቅ ጽሑፍ እስከ ዛሬ ይነበባል። እርሱና የሶንግ ንጉሠ ነገሥት ዠንዞንግ ለምድር ያቀረቧቸው የድንጋይ ሰሌዳዎችም በ1931 በተራራው ግርጌ ከመሬት ወጥተው፥ ዛሬ በታይፔይ በብሔራዊው ቤተ መንግሥት ሙዚየም ይገኛሉ።

ዠንዞንግ በ1008 ያደረገው የመጨረሻው ሆነ። ይህ ንጉሥ ለሰሜኑ የሊያኦ መንግሥት በየዓመቱ ብርና ሐር ለመክፈል በ1005 ተዋውሎ ስለ ነበር፥ የጎደለ ክብሩን በተራራው ሊሞላ መፈለጉን ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ከሰማይ ወረደ የተባለ ደብዳቤም ምክንያት ሆኖለታል። ከእርሱ በኋላ ሥርዓቱን የደገመ ንጉሥ አልተገኘም።

ነገር ግን በዚያው ጉዞ በጫፉ አጠገብ ካለ ኩሬ የአንዲት ብላቴና የድንጋይ ምስል ተገኘ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ምስሏን በከበረ ድንጋይ አሠርቶ መቅደስ ሰጣት ይባላል። ይህች ብላቴና ቢሺያ ዩዋንጁን፥ ማለት የሰማያዊ ደመና እመቤት ተብላ፥ በሚንግ ነገሥታት ዘመን ከጥንቱ የተራራ አምላክ ይልቅ በሕዝብ ዘንድ ተወደደች። የመቅደሷ ጣሪያ ነፋሱን እንዲቋቋም በነሐስና በብረት ክዳን ተሸፍኗል። ከሊቃውንቱ መካከል በጥንት መጻሕፍት ያልተጠቀሰች እመቤት ተራራውን ወረሰች ብለው ቅር የተሰኙ ነበሩ። ቅሬታው ግን ገንዘቧን ከመቀበል አላገደም፤ መንግሥት ከ1516 ጀምሮ ከተሳላሚዎቹ የዕጣን ግብር ሲሰበስብ ቆይቶ፥ በ1735 ተወው።

በ1910 ስለ ታይሻን ትልቅ መጽሐፍ ያሳተመው ፈረንሳዊው ሊቅ ኤድዋር ሻቫን የነገሥታቱን ጽሑፎች እየተረጎመ፥ ለእመቤቲቱ አምልኮም ሰፊ ቦታ ሰጥቷል፤ ማስተዋሉ ትክክል ነበር። በ1983 የገመድ ባቡር ተዘርግቷል፤ በ1987 ተራራው በዓለም ቅርስነት በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ልጅ የምትሻ ሴት ግን ዛሬም በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ትንሽ ድንጋይ ታስቀምጣለች፥ ቀይ ክርም ታስራለች፤ የለመነችው የተሰጣት እንደ ሆነ ስለቷን ልታደርስ ደረጃውን እንደገና ትወጣለች።