ሐኪምን ስንቈጥር የሚወጣውንም እንቍጠር

በአትላስ ሠፈር ያለ ነጋዴ ዕቃ ከማዘዙ በፊት የገባውንና የወጣውን ይመረምራል፤ የጤና ባለሙያ ዕቅድም ይህን ሥርዓት ሊከተል ይገባዋል።

በፈረንጅ አቈጣጠር በ1954 የተቋቋመው የጐንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኰንንን፣ የማኅበረሰብ ነርስንና የአካባቢ ጤና ባለሙያን በአንድነት አሠልጥኖ ወደ ጤና ጣቢያዎች በመላክ፣ ከሕዝቡ ችግር የተነሣ ዕቅድ ምን እንደሚመስል አሳይቶናል። ከዚያ ወዲህ ግን ብዙ ሐኪሞቻችን ወደ ባሕር ማዶ ሄደዋል። የዓለም የጤና ድርጅት ጉባኤ በዚሁ አቈጣጠር በ2010 ያጸደቀው ደንብም ባለሙያ ካነሰባቸው አገሮች ሐኪም መመልመል እንዲቀር ይመክራል እንጂ አያስገድድም።

ስለዚህ ባለሙያውን በአገሩ የሚያጸናው ተገቢ ደመወዝ፣ መኖሪያ ቤትና የተሟላ መሣሪያ ነው። የሕክምና ዕቃ አስመጪዎች ሆይ፣ መለዋወጫውን በጊዜው ማድረስ የእናንተ ድርሻ ነው።