የወጪ መጋራት ዕዳ አከፋፈል፦ በገቢ የሚመዘን ዕዳ በሰነድ ሲያዝ

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚማር የመደበኛ መርሐ ግብር ተማሪ የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል። ብዙዎቻችን የውሉን ትርጉም የምንረዳው ግን ከምረቃ በኋላ ዋናውን የትምህርት ማስረጃ ለመውሰድ ስንሄድ ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ የዕዳው አከፋፈል የተመሠረተበትን መርሕ ያብራራል፤ መርሑ ከአሠራሩ ጋር የሚጋጭበትንም ነጥብ ያመለክታል።

የተማሪ ብድር አመላለስ በጥቅሉ በሁለት ይከፈላል። የመጀመሪያው በጊዜ የተወሰነ ነው፤ ተበዳሪው ሥራ ቢያገኝም ባያገኝም በየወሩ እኩል መጠን ይከፍላል። ሁለተኛው በገቢ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ክፍያው ከገቢ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል፣ ገቢ ከሌለ ክፍያም የለም። ይህን ሁለተኛ ሥርዓት አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1989 በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ ላይ አውላለች። በእንግሊዝም የመጀመሪያ ዲግሪ ተበዳሪ የሚከፍለው በሕግ ከተወሰነው የገቢ ወለል በላይ ካለው ገቢው 9 በመቶውን ነው። የሥርዓቱ ዋና ዓላማ ሥራ ያጣውን ምሩቅ ከዕዳ ጫና መጠበቅ ነው።

ኢትዮጵያም የመረጠችው ሁለተኛውን መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 91 ተማሪው የምግብና የመኝታ ወጪውን ሙሉ በሙሉ፣ ከትምህርት ወጪው ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን እንዲጋራ ደነገገ። ክፍያው ከምሩቁ ወርኃዊ ገቢ ቢያንስ 10 በመቶ ሆኖ በአሠሪው በኩል ተቀንሶ ለግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ገቢ ይደረጋል።

ስሌቱን በምሳሌ እንመልከት። 24,000 ብር ዕዳ ያለባቸው ሁለት ምሩቃን አሉ እንበል። ደመወዙ 6,000 ብር የሆነው በወር 600 ብር እየከፈለ በ40 ወራት ይጨርሳል፤ 4,000 ብር የሚያገኘው በወር 400 ብር እየከፈለ 60 ወራት ይፈጅበታል። ሸክሙ ከአቅም ጋር ስለሚመጣጠን እስከዚህ ድረስ መርሑ ተጠብቋል።

ሦስተኛው ምሩቅ ግን ሥራ የለውም እንበል። በመርሑ መሠረት ገቢ እስኪያገኝ ምንም አይጠየቅም። በተለመደው አሠራር ግን ዋናው ዲግሪና ኦፊሴላዊው ትራንስክሪፕት ዕዳው መከፈሉን የሚያረጋግጥ ማስረጃ እስኪቀርብ ይያዛሉ፤ በእጁ የሚገባው ጊዜያዊ የምስክር ወረቀት ነው። የውጭ አገር የትምህርት ዕድል ቢያገኝ ወይም ዋናውን ማስረጃ የሚጠይቅ ሥራ ቢመጣለት፣ ያልጀመረውን ደመወዝ ዕዳ በአንድ ጊዜ መክፈል ይኖርበታል። ዘመድ ያለው ይበደራል፤ የሌለው ዕድሉ ያመልጠዋል። በገቢ ይመዘን የተባለው ዕዳ በዚህ ጊዜ መያዣ ያለው ተራ ብድር ይሆናል፤ መያዣውም ምሩቁ ገቢ ሊያገኝበት የሚችለው ወረቀት ራሱ ነው።

አሠራሩ ያለ ምክንያት አልመጣም። ከደመወዝ ቀንሶ መሰብሰብ የሚቻለው መደበኛ አሠሪ ሲኖር ብቻ ነው። በግሉ የሚሠራውንና ከአገር የሚወጣውን ምሩቅ ተከታትሎ ማስከፈል አስቸጋሪ በመሆኑ፣ ሰነዱን መያዝ ለመንግሥት ቀላሉ ዋስትና ነው። ይሁን እንጂ ዋስትናው ይበልጥ የሚጫነው መክፈል በማይችለው ላይ ነው፤ ደመወዝተኛው ዕዳውን በየወሩ እያቃለለ ሲሄድ ሥራ አጡ ግን ባለበት ይቆማል።

መርሑንና አሠራሩን ለማስታረቅ ዕዳውን ከሰነዱ ይልቅ ከሰውየው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ጋር ማያያዝ ይቻላል። ገቢ የሌለው ምሩቅ ይህንኑ አረጋግጦና የክፍያ ግዴታ ፈርሞ ማስረጃውን ቢወስድ፣ ዕዳው ገቢ ባገኘ ቀን ይከተለዋል። የትምህርት ማስረጃ የዕዳ መክፈያ አቅም ምንጭ ነው፤ ምንጩን ዘግቶ ውኃ መጠበቅ ለአበዳሪውም አይበጅም።