በአንድ ስም የሚሸጡ ሁለት ግራፊክስ ካርዶች

የኮምፒዩተር ዕቃ ከውጭ አገር የሚያስመጡ ነጋዴዎችና ይህንኑ በችርቻሮ የሚሸጡ ባለሱቆች ሁሉ እንደሚያውቁት፥ አንድ ሸቀጥ በገበያ ላይ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታወቀው በስሙ ነው። ደንበኛው ስሙን ይዞ ይመጣል፤ ባለሱቁ በዚያው ስም ያዝዛል፤ አስመጪውም በዚያው ስም ከባሕር ማዶ ያስጭናል። ይህ ልማድ ለብዙው ዕቃ የሚበቃ ነው። ዳሩ ግን ስሙ አንድ ሆኖ ዕቃው ሁለት ዓይነት በሚሆንበት ጊዜ ገንዘብንም የደንበኛን እምነትም የሚያሳጣ ይሆናል። ለዚህ ጉዳይ ጂ ፎርስ ጂ ቲ 1030 የተባለው ግራፊክስ ካርድ ግልጽ ማስረጃ ስለ ሆነ፥ የሁለቱን ዓይነት ልዩነት ለአንባብያን መግለጽ ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

ግራፊክስ ካርድ በኮምፒዩተር ውስጥ ተሰክቶ በሞኒተሩ ላይ የሚታየውን ሥዕል የሚያሰናዳ መሣሪያ ነው። የጂ ቲ 1030ን ቺፕ የሚያወጣው ኤንቪዲያ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሲሆን፥ ካርዱን ገጣጥመው በየራሳቸው ሣጥን የሚሸጡት ግን እንደ ኤም ኤስ አይና እንደ አሱስ ያሉ ሌሎች ኩባንያዎች ናቸው። ካርዱ ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ የቀረበው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017 ዓ.ም. ነው። ከማዘርቦርዱ በሚያገኘው ኤሌክትሪክ ብቻ የሚሠራና አጭር ሆኖም የሚሠራ ስለ ሆነ፥ ሌላ ካርድ የማይገባባቸው ቀጫጭን የቢሮ ኮምፒዩተሮች ያሏቸው ሰዎች ወደዱት። በማግሥቱ ዓመት በ2018 ዓ.ም. ሌላ ዓይነት ሜሞሪ የተገጠመለት ሁለተኛ ካርድ ወጣ፤ ስሙም ያው ጂ ቲ 1030 ተባለ።

እንግዲህ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገን እንመልከታቸው። ሁለቱም 384 ኮሮች አሏቸው። ሁለቱም 2 ጊጋባይት ሜሞሪ ይዘዋል። ሜሞሪው ከቺፑ ጋር የሚገናኝበት መንገድም በሁለቱ 64 ቢት ነው። በሣጥን ላይ በጉልህ የሚጻፈው ይኸው ስለ ሆነ፥ እስከዚህ ድረስ ብቻ ያነበበ ገዢ አንድና ያው ዕቃ ነው ቢል አይፈረድበትም።

ልዩነቱ ያለው በሜሞሪው ዓይነት ላይ ነው። የመጀመሪያው ካርድ ለሥዕል ሥራ ተለይቶ የተዘጋጀውን ጂ ዲ ዲ አር 5 የተባለውን ሜሞሪ ይዟል፤ ሁለተኛው ግን ለኮምፒዩተሩ ለራሱ ዋና ሜሞሪ የሚሆነውን ዲ ዲ አር 4 ነው የያዘው። በመጀመሪያው ካርድ እያንዳንዱ የቢት መሥመር በሴኮንድ 6 ጊጋቢት ያስተላልፋል፤ ይህ በ64 ተባዝቶ ለ8 ሲካፈል በሴኮንድ 48 ጊጋባይት ይሆናል። በሁለተኛው ካርድ መሥመሩ የሚያስተላልፈው 2.1 ጊጋቢት ብቻ ስለ ሆነ፥ በዚያው ስሌት የሚገኘው 16.8 ጊጋባይት ነው፤ ከሢሶው ጥቂት የሚበልጥ ማለት ነው። ነገሩን በወፍጮ ብንመስለው፥ የወፍጮው ድንጋይ ያው ሆኖ ሳለ እህል የሚያቀርብለት ሰው ቀድሞ ሦስት ቁና ያቀርብ በነበረበት ጊዜ ውስጥ አሁን አንድ ቁና ብቻ ቢያቀርብ፥ ድንጋዩ ምን ጊዜም ቢሽከረከር ዱቄቱ እንደ ቀድሞው ሊሆን አይችልም።

የቺፑም ፍጥነት ቢሆን ቀንሷል። የመጀመሪያው ከ1227 እስከ 1468 ሜጋኸርትዝ ሲሠራ፥ ሁለተኛው ከ1152 እስከ 1379 ነው። በአንጻሩ የሁለተኛው የኤሌክትሪክ ፍጆታ ከ30 ዋት ወደ 20 ዋት ወርዷል።

በሥራ ላይ ሲታይ ይህ ሁሉ ምን ያስከትላል? ደብዳቤ ለሚጽፍ፥ ሒሳብ ለሚይዝ፥ ፊልም ለሚመለከት ሰው ምንም የሚያስከትለው ነገር የለም፤ ሁለቱም ያጠግቡታል። በኮምፒዩተር ጨዋታ ላይ ግን ሁለተኛው ካርድ ሥዕል የሚያቀርብበት ፍጥነት በብዙ ሙከራዎች ወደ መጀመሪያው ግማሽ ገደማ ወርዶ ታይቷል። ጨዋታ ለመጫወት የገዛ ወጣት በዚያው ስም የተጠራውን ካርድ በጓደኛው ቤት አይቶት ከሆነ፥ ወደ ሱቁ ተመልሶ ባለሱቁን አታላይ ቢለው የሚያስደንቅ አይደለም። ባለሱቁ ደግሞ ያላወቀውን ነገር ማስረዳት አይችልም።

በእኛ አስተያየት ዲ ዲ አር 4 የያዘው ካርድ መጥፎ ዕቃ አይደለም። ለቢሮ ሥራ ተብሎ፥ ዋጋውም በዚያው ልክ ዝቅ ብሎ ቢሸጥ የሚነቀፍበት ነገር የለም። ነቀፋው በስሙ ላይ ነው፤ ዋጋውም ከመጀመሪያው ብዙ ሳይርቅ ሲቀር ገዢው የሚገዛበት ምክንያት አይታየንም። ኤንቪዲያም ይህን ያደረገው በዚህ ካርድ ብቻ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው ጂ ቲ ኤክስ 1060 ባለ 6 ጊጋባይቱ 1280 ኮር፥ ባለ 3 ጊጋባይቱ ግን 1152 ኮር ነበራቸው።

ለአስመጪዎቻችን ጉዳዩ የሚከብደው በባንክ በኩል ነው። በሌተር ኦፍ ክሬዲት የሚደረግ ግዢ በሰነድ ላይ የተመሠረተ ስለ ሆነ፥ ባንኩ የሚመረምረው ወረቀቱን እንጂ ዕቃውን አይደለም። በፕሮፎርማው ላይ «ጂ ቲ 1030፥ 2 ጊጋባይት» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ፥ ሻጩ ከሁለቱ የትኛውንም ቢልክ ሰነዱ የተሟላ ነው፤ ገንዘቡም ይከፈላል። ብዙ ደጅ ተጠንቶ በተገኘ የውጭ ምንዛሪ የማይፈልጉትን ዕቃ ገዝቶ መቀመጥ ደግሞ ምን ያህል እንደሚጎዳ መናገር አያስፈልግም። ስለዚህ በፕሮፎርማው ላይ የሜሞሪው ዓይነት፥ 64 ቢትና በሴኮንድ 48 ጊጋባይት የሚለው ልክ፥ እንዲሁም የገጣጣሚው ኩባንያ ሙሉ የሞዴል ቁጥር እንዲጻፍ ማድረግ ያሻል። በብዙዎቹ የሞዴል ቁጥሮች ውስጥ ዲ የተባለው የላቲን ፊደል ከ4 ቁጥር ጋር ተያይዞ ከተገኘ ዕቃው ዲ ዲ አር 4 መሆኑን ያመለክታል።

የሚታዘዘውን ብዛት በሚመለከት ደግሞ፥ ኤንቪዲያ ጂ ቲ 1030 ለሚገኝበት ፓስካል ለተባለው ትውልድ ለአዳዲስ ጨዋታዎች የሚሰናዳውን ድራይቨር በ2025 ዓ.ም. ኦክቶበር ላይ እንደሚያቆምና ከዚያ በኋላ እስከ 2028 ዓ.ም. ኦክቶበር የደኅንነት ማሻሻያ ብቻ እንደሚሰጥ አስታውቋል። ከሁለቱ የተሻለውንም ቢሆን ለረጅም ጊዜ መጋዘን ውስጥ ማከማቸት አይመከርም።

ዕቃው ሲደርስ ከእያንዳንዱ ካርቶን አንድ ካርድ አውጥቶ በኮምፒዩተር ላይ መሰካትና ጂ ፒ ዩ ዚ በተባለው በነፃ በሚገኝ ፕሮግራም መመልከት ነው። ፕሮግራሙ የሜሞሪውን ዓይነትና የማስተላለፊያ ልኩን በቁጥር ያሳያል፤ ሥራውም ከጥቂት ደቂቃ አያልፍም። ልዩነት ከተገኘ ሳይውሉ ሳያድሩ ለሻጩ በጽሑፍ ማስታወቅ ይገባል። ሁለቱንም ዓይነት የሚይዝ ባለሱቅ ደግሞ በተለያየ መደርደሪያና በተለያየ ዋጋ አስቀምጦ፥ የሜሞሪውን ዓይነት በደረሰኙ ላይ ቢጽፍ ደንበኛው በኋላ ይዞት የሚመጣው ክርክር አይኖርም።