ሸለቆ ስትወርዱ ዳገቱ የሚጠብቃችሁ በመመለሻው ነው

ከነቀምቴ ወደ ኡኬና ወደ አንገር ሸለቆ ለእግር ጉዞ የሚወርዱ ወጣቶች "ዶክተር፣ ምን እንያዝ?" እያሉ ይጠይቁኛል። እኔ ደግሞ መጀመሪያ "በስንት ሰዓት ነው የምትመለሱት?" እላቸዋለሁ።

ተራራ ስትወጡ ድካሙ ቀድሞ ይመጣል፤ ካቃታችሁ ቁልቁል መመለስ ነው። ሸለቆ ግን ግልባጩ ነው። ጠዋት በብርዱ እየሳቃችሁ ትወርዳላችሁ። ዳገቱ የሚጀምረው ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ፣ ድንጋዩ ግሎ፣ ውሃው አልቆ ነው። በዚያ ላይ 1,000 ሜትር በወረዳችሁ ቁጥር ሙቀቱ በግምት ከ6 እስከ 7 ዲግሪ ይጨምራል። ነቀምቴ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ ጃኬት ለብሶ የወጣ ሰው ታች ሲደርስ ሌላ አገር የገባ ይመስለዋል። ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ በመኪና የወረደ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ድልድዩ ጋ ሳይደርስ መስኮት የማይከፍት የለም።

ስለዚህ ውሃችሁን እኩል ለሁለት አትክፈሉት። አንድ ሦስተኛው ሲያልቅ ተመለሱ፣ ቀሪው ለዳገቱ ነው። በሙቀት ዳገት የሚወጣ ሰው በሰዓት 1 ሊትር ያህል ላብ ሊያወጣ ይችላል፤ ጨውም አብሮ ይወጣል። ጨው ያለው ቆሎ ያዙ፣ 1 ፓኬት ኦ.አር.ኤስም በ1 ሊትር ንጹህ ውሃ በጥብጡ። (ዋዜማውን አረቄ ይዞ ማምሸት ዝግጅት አይደለም!)

ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም የጡንቻ መሸማቀቅ ከጀመረ ጥላ ስር አረፍ ብላችሁ ጠጡ። ጓደኛችሁ መቀባጠር፣ መንገዳገድ፣ የት እንዳለ መርሳት ከጀመረ ግን፣ "ሰክሯል እንዴ?" የሚያስብል ከሆነ፣ ይህ ሂት ስትሮክ ሊሆን ይችላል፤ ይገድላል። እዚያው ጥላ ስር ልብሱን አውልቁለት፣ ሰውነቱን ውሃ እያርከፈከፋችሁ በነጠላም በካርቶንም አራግቡለት፤ አንገቱ፣ ብብቱና ብሽሽቱ ላይ እርጥብ ጨርቅ አድርጉ። የመጠጥ ውሃችን ያልቃል ብላችሁ አትሰስቱ። በደንብ ካልነቃ በአፉ ምንም አትስጡት። ፓራሲታሞልም አይሠራም፤ ይህ የበሽታ ትኩሳት ሳይሆን ሰውነት ሙቀቱን ማስወጣት ሲያቅተው የሚመጣ ነው። መኪና እስኪመጣ፣ መኪና ውስጥም፣ ማቀዝቀዙን አታቋርጡ።

ሌላው የአካባቢያችን ነገር ወባ ነው። ከንክሻው በኋላ ለመታየት ብዙውን ጊዜ 7 ቀንና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ከተመለሳችሁ ከሳምንት ሁለት ሳምንት በኋላ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካላችሁ "ፀሐይ መትቶኝ ነው" ብላችሁ ቤት አትተኙ። ያን ቀኑኑ ሄዳችሁ ደም ተመርመሩ፤ ለሐኪሙም ቆላ ወርዳችሁ እንደነበር ንገሩት።