ከሚኤሶ ቆላ እስከ ጭሮ ዳገት

እ.ኤ.አ. የ2019 የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና ሲካሄድ በኳታር ዋና ከተማ በዶሃ የሴቶቹ ማራቶን የተጀመረው እኩለ ሌሊት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው ነው። ቀን ላይ ፀሐዩ ስለማያስሮጥ ሌሊት ተመረጠ። ያም ሆኖ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ፣ የአየሩ እርጥበት ደግሞ 73 በመቶ ነበር። ከተሰለፉት 68 ሯጮች 28ቱ አቋረጡ። ሩቲ አጋ፣ ሮዛ ደረጄና ሹሬ ደምሴም ከእነዚሁ መካከል ነበሩ፤ ኢትዮጵያ ያሰለፈቻቸው ሦስቱም ማለት ነው። ከስምንት ቀን በኋላ ወንዶቹ በዚያው ጎዳና ሲሮጡ አየሩ ትንሽ ረገብ ብሎ ነበር። ሌሊሳ ዴሲሳ በ2፡10፡40 ወርቁን ወሰደ፤ ሞስነት ገረመው በ4 ሰከንድ ተቀድሞ ሁለተኛ ወጣ።

የኢትዮጵያ ሯጭ በከፍታ ቦታ ስለሚሠለጥን ደሙም ሳንባውም ጠንካራ ነው ይባላል፤ እውነት ነው። እንጦጦና ሱሉልታ ግን ብርድ እንጂ ወበቅ አያስተምሩም።

ጡንቻ ሲሠራ ከሚያቃጥለው ጉልበት አብዛኛው ወደ ሙቀት ይለወጣል። ሰውነት ይህን ሙቀት የሚያስወጣው በዋናነት ላቡ ከቆዳ ላይ ሲተን ነው። አየሩ በእርጥበት ከተሞላ ላቡ ይንጠባጠባል እንጂ አይተንም፤ ስለዚህ አያቀዘቅዝም። ልብም ደሙን ለእግርና ለቆዳ ማካፈል ይቸግረዋል። የሚያስደስተው ነገር ሰውነት ይህን መማር መቻሉ ነው። ከ10 እስከ 14 ቀን በሙቀት ውስጥ በየዕለቱ አንድ ሰዓት ገደማ የሠራ ሯጭ የደሙ ፈሳሽ ይጨምራል፣ ላቡ ቶሎ ይጀምረዋል፣ በላቡ የሚወጣው ጨው ይቀንሳል፣ በዚያው ፍጥነት ሲሮጥም የልብ ምቱ ዝቅ ይላል።

ምዕራብ ሐረርጌ እዚህ ላይ ይመጣል። የዞኑ ከተማ ጭሮ፣ የቀድሞዋ አሰበ ተፈሪ፣ በጨርጨር ተራሮች መካከል ከባሕር ወለል በላይ ከ1800 ሜትር ከፍ ብላ ትገኛለች። ከአዲስ አበባ በአዋሽ በኩል የሚመጣው መንገድ በቆላዋ ሚኤሶ ካለፈ በኋላ ሽቅብ እየተጠማዘዘ ወደ ጭሮ ይወጣል። ሚኤሶ ከጭሮ በብዙ ዝቅ ትላለች፤ ግራሩና የግመሉ መንጋ ሌላ አገር የገቡ ያስመስላሉ። መንገደኛ ሚኤሶ ላይ የመኪናውን መስኮት ይከፍታል፣ ጭሮ ሲደርስ ጃኬቱን ይፈልጋል። ሌላው ዓለም ሯጩን በማሞቂያ ክፍል ዘግቶ የሚያደርገውን እዚህ አገሩ በአንድ ዳገት ላይ አዘጋጅቶታል፤ ጠዋት ጭሮ ላይ ረጅሙን ልምምድ፣ በሌላ ቀን ደግሞ ሚኤሶ ወርዶ ለስለስ ያለውን ሩጫ በፀሐይ መሥራት ይቻላል። የአገሪቱ ማራቶን ሯጮች በአዲስ አበባ ዙሪያ ብቻ ከሚከማቹ ይህን አካባቢ አሰልጣኞች ቢያዩት መልካም ነው። ጥንቃቄ የሚሻው ዋናው አስፋልት ነው፤ ጫት ጭነው የሚከንፉ መኪኖች ስላሉ ሯጭ የሚሻለው የጥርጊያው መንገድ ነው።

ሯጩ ምን ያህል እንደሚያልበው የሚለካበት መሣሪያ ውድ አይደለም። በየከተማው አውቶቡስ ተራ አጠገብ ሚዛን ዘርግተው መንገደኛ የሚመዝኑ ልጆች አሉ። ሯጩ ከልምምዱ በፊት አንድ ጊዜ፣ ሲጨርስ ላቡን ጠርጎ ሌላ ጊዜ ይመዘን። የጎደለው አንድ ኪሎ አንድ ሊትር ያህል ላብ ነው፤ በመሐል የጠጣው ውኃ ይደመርበታል። ሰውየው በሰዓት ምን ያህል እንደሚያልበው የሚያውቀው በዚህ ነው፤ በውድድሩ ቀን የሚጠጣውንም ከዚሁ ተነሥቶ ይወስናል። የጎደለውን ሁሉ እሞላለሁ ማለት ግን የለበትም፤ ከልክ ያለፈ ውኃ የደምን ጨው አቅጥኖ ለአደጋ ይዳርጋል።

በትልልቅ ማራቶኖች የታዋቂዎቹ ሯጮች መጠጥ በየ5 ኪሎ ሜትሩ ጠረጴዛ ላይ ይደረደራል። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ሰው ጠርሙሱን ለማንሣት ያለው ጊዜ ከአንድ ሰከንድ አይበልጥም። ስለዚህ ከሩቅ እንዲለይ ባለቀለም ምልክት ይለጠፍበታል፣ ጣት እንዲይዘውም እጀታ ይሠራለታል። ማንሣቱም እንደ ሩጫው ልምምድ ይፈልጋል።

ብርዱም የራሱ ፈተና አለው። እ.ኤ.አ. በ2020 የለንደን ማራቶን በዝናብ፣ በ10 ዲግሪ ገደማ ቅዝቃዜ፣ በቅዱስ ጄምስ ፓርክ ዙሪያ ሲሮጥ ኬንያዊው ኤሊዩድ ኪፕቾጌ ጆሮው ተደፍኖበት 8ኛ ሆነ፤ ኢትዮጵያዊው ሹራ ቂጣታ በ2፡05፡41 አሸነፈ። እንዲህ ላለው ቀን እስከ መነሻው ድረስ ደርቦ መቆየት፣ እጅን በጓንት መሸፈን፣ የሚፋተገውን ገላ ቫዝሊን መቀባት ያስፈልጋል። ጭሮ ላይ የክረምቱ ዝናብ ሲመጣ ልምምድ ከመቅረት ይልቅ ወጥቶ መሮጥ የሚጠቅመውም ለዚህ ነው።

ሙቀት የለመደ ሰውነት ሙቀቱን ካጣ በሁለት ሦስት ሳምንት ያገኘውን ይመልሳል። ስለዚህ የሚኤሶው ቆይታ ወደ ውድድሩ መጠጋት አለበት፤ ሯጩ ከበረራው በፊት ለጥቂት ቀናት ብቻ ቀለል አድርጎ ያርፋል፣ በሄደበት አገርም ውድድሩ በሚጀመርበት ሰዓት እየተነሣ ቀለል ያለ ሩጫ ይሮጣል።