ከጽኑ ሕመም ለተነሣ ሰው ስለ ማጕረስ

በአገራችን ሰው በታመመ ጊዜ ጠያቂው ሁሉ አስቀድሞ «እህል ቀምሷልን?» ብሎ ይጠይቃል። ቀምሷል የተባለ እንደ ሆነ ደስ ይለዋል፤ አልቀመሰም የተባለ እንደ ሆነ ግን «እስቲ በእኔ እጅ» ብሎ ማጕረስ ይጀምራል። ይህ ልማድ ከፍቅር የመነጨ ስለ ሆነ የሚነቀፍ አይደለም። ዳሩ ግን በጽኑ ሕሙማን ክፍል ሰንብቶ ለወጣ በሽተኛ ያለ ጊዜው የተሰጠ ጕርሻ ከሞት ያመለጠውን ሰው እንደ ገና ወደ ሞት ሊመልሰው እንደሚችል ቤተ ዘመድ ሁሉ ሊያውቅ ይገባል።

ምክንያቱም ይህ ነው። የምንተነፍሰው አየርና የምንበላው እህል በጕረሮ ውስጥ በአንድ መንገድ አልፈው ከታች ይለያያሉ። ስንውጥ ትንፋሻችን ለጥቂት ይቆማል፤ ማንቍርት ወደ ላይ ይነሣል፤ የአየሩ ቧንቧ ይዘጋል፤ እህሉም በምግብ ቧንቧ ይወርዳል። ይህ ሁሉ በጕረሮ ውስጥ የሚፈጸመው በአንድ ሰከንድ ያህል ነው። በጤናችን ጊዜ ይህን ሥራ አናስተውለውም፤ ጥቂት ውሃ መንገዱን ስቶ ትን ሲለን ብቻ እናስታውሰዋለን።

በራሱ መተንፈስ ላቃተው በሽተኛ ሐኪሞች በአፉ በኩል ቱቦ አግብተው በመሣሪያ ያስተነፍሱታል። የዚህ ዓይነቱ ሕክምና የተስፋፋው በ1944 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቈጣጠር 1952) በኮፐንሀገን ከተማ የልጅነት ልምሻ ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ ነው። የብዙዎቹ ሕሙማን መዋጫና መተንፈሻ ስለ ሰለለ ምራቃቸው ወደ ሳንባቸው እየገባ ይሞቱ ነበር። ሐኪሙ ብዮርን ኢብሰን በጕረሯቸው ላይ በተከፈተ ቀዳዳ ቱቦ እየገባ ሳንባቸው እንዲጠበቅ አደረገ፤ 1,500 ያህል ተማሪዎችም እየተፈራረቁ አየሩን በእጃቸው እየጨመቁ ብዙ ነፍስ አዳኑ።

ነገር ግን ይኸው ነፍስ የሚያድን ቱቦ በአፍ ገብቶ ብዙ ቀን ሲቆይ በድምፅ አውታሮች መካከል ስለሚያልፍ ጕረሮን ያቈስላል፤ ስሜቱንም ያደነዝዛል። የመዋጫ ጡንቻዎችም ሥራ ፈትተው እንደ ሌላው አካል ይከሳሉ። ልዩ ልዩ ጥናቶች ተሰብስበው በተመረመሩ ጊዜ ቱቦው ከወጣላቸው ከ10 በሽተኞች 4 ያህሉ መዋጥ የሚቸግራቸው ሆነው ተገኝተዋል።

ከሁሉ የሚከፋው አንዳንዱ በሽተኛ ትን የማይለው መሆኑ ነው። ሳል የሳንባ ዘበኛ ነው፤ ጕረሮ ሲደነዝዝ ግን ዘበኛው ይተኛል። አጕራሹ ዝምታውን አይቶ «በደኅና ዋጠ» ይላል፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ትኵሳት ይነሣና የሳንባ ምች ሆኖ ይገኛል።

ስለዚህ ሐኪሙ ወይም ነርሷ አዋዋጡን መርምረው ሳይፈቅዱ ውሃም ቢሆን መስጠት አይገባም። ውሃ ፈጥኖ ስለሚወርድ ለደከመ ጕረሮ ከወፈረ ምግብ ይልቅ የሚያስቸግርበት ጊዜ ብዙ ነው። በአፍንጫ በገባ ቱቦ ይመገብ የተባለ እንደ ሆነም ይህን እንደ ጭካኔ መቍጠር አይገባም፤ ሰውነቱ ኀይል የሚያገኝበት መንገድ ነውና።

በአፉ እንዲቀምስ በተፈቀደ ጊዜም አስታማሚው እንዲህ ያድርግ። በሽተኛው በሚገባ የነቃ ይሁን፤ ቀጥ ብሎም ይቀመጥ። የታዘዘለትን ምግብ በትንሽ ማንኪያ ይስጠው፤ የፊተኛውን ሳይውጥ ሁለተኛውን አይጨምርበት። አፉ ሞልቶ ሳለ አያጫውተው። ከበላ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይተኛ ይቈይ፤ አፉና ጥርሱም ዘወትር ይጽዳ። ቆሎና ደረቅ በሶ፥ እንዲሁም አፍ የሚሞላ ጕርሻ ለዚህ ጊዜ አይሆኑም። ሲበላ ቢያስለው፥ ድምፁ ውሃ እንደ ያዘ ቢንኰረኰር፥ ትንፋሹ ቢፈጥን ወይም ቢያተኵሰው መመገቡን አቁሞ ለሐኪም መንገር ያስፈልጋል።

ብዙዎቹ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ይሻላቸዋል፤ አንዳንዱ ግን ወራት ይፈጅበታል። ከሞት የተረፈ ዘመድ አንድ ሳምንት ጕርሻ ቢቀርበት ፍቅር ጐደለ አይባልም። ጠያቂውም ከእንግዲህ «እህል ቀምሷልን?» ከማለቱ በፊት «እንዲቀምስ ተፈቅዶለታልን?» ብሎ ቢጠይቅ ለወዳጁ ከጕርሻ የሚበልጥ ስጦታ ሰጠው ማለት ነው።